ሙባረክ ቢን ለንደን፦ ከአዲስ አበባ እስከ አል አይን የዘለቀ የአንድ ጠያቂ መንገደኛ ሕይወት

በአል አይን ከተማ በሚገኘው የአል ጃሂሊ ምሽግ ውስጥ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ባላቸው ክፍሎች፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ተደርድረው ይታያሉ። ግመሎች፣ የአሸዋ ተራሮች፣ ጠመንጃ ያነገቱ ወጣቶች፣ ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ የነበሩት ሼህ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን በምስሎቹ ላይ አሉ። ዐውደ ርእዩ የተሰየመው ፎቶግራፎቹን ባነሣው ሰው የበረሃ ስም ነው፦ ሙባረክ ቢን ለንደን። ስሙን ያወጡለት አብረውት የተጓዙ የበረሃ ሰዎች ናቸው። በከተማ ስም ጠሩት፤ የለንደን ልጅ አሉት። ይሁንና ለአማርኛ ተናጋሪው ጎብኚ አንድ ነገር ሊነገረው ይገባል። ይህ ሰው የተወለደው ለንደን ላይ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላይ ነበር።

እውነተኛ ስሙ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። ሕይወቱን ማንሳት የሚገባን ብዙ ስለተጓዘ ብቻ አይደለም። በፈተና ወረቀት ላይ በአንድ መስመር የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉ። የአዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው? የአንበጣ መንጋ ከየት ይነሣል? የግመል ሻኛ የሚያከማቸው ምንድን ነው? ዛሬ ለውድድር ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት እነዚህን በአንድ ደቂቃ መልሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቴሲጀር ግን የመጀመሪያውን ሊመልስ የአፋርን ምድር በእግሩ አቋረጠ፤ ሁለተኛው የዐረብ በረሃን በር ከፈተለት፤ ሦስተኛውን ከግመሎቹና ከባለቤቶቻቸው ጋር ኖሮ ተማረው። በየደረሰበትም መልሱን በእጃቸው ይዘው ያገኛቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የለጋሲዮኑ ልጅ

ቴሲጀር የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ ማለትም ጁን 3 ቀን 1910፣ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ፣ የሣር ክዳን ባለው የጭቃ ቤት ነው። አባቱ የብሪታንያ መንግሥት ተጠሪ ሚኒስትር ሆነው የመጡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ነበር። ልጁ ያደገው የእንጦጦን ጥድ እያየ፣ በበቅሎና በፈረስ እየተጓዘ፣ ከአማርኛ ድምፅ ሳይርቅ ነው።

በስድስት ዓመቱ ያየው አንድ ትዕይንት በቀሪው ዕድሜው ከዓይኑ አልጠፋም። የልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድ ያስነሣው ጦርነት በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተቋጨ። በዚያ ጭንቅ ወቅት የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን ለደኅንነቱ ሲባል በእንግሊዝ ለጋሲዮን ተጠልሎ ነበር። ከድሉ በኋላ ሠራዊቱ በጃንሜዳ ሲሰለፍ ትንሹ ቴሲጀር ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ተመለከተ። የአንበሳ ጎፈር የደፉ ጦረኞች፣ ነጋሪት፣ ጋሻ፣ የተማረኩት ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ሆነው ሲያልፉ፣ ሁሉም በልጁ ልብ ታተመ።

ቤተሰቡ በ1919 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ አባቱም በዓመቱ አረፉ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያገኙት ልጆች የሚያወራቸውን የሐበሻ ታሪክ አላመኑትም፤ ውሸታም ነው ብለው አገለሉት። ብርዱንም ብቸኝነቱንም የተቋቋመው አንድ ቀን እመለሳለሁ በሚል ተስፋ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1924 ለንደንን ሲጎበኙ እናቱና እርሱ ቀርበው እጅ ነሡ። ልጁ ወደ ኢትዮጵያ የመመለስ ምኞቱን ገለጸላቸው፤ አልጋ ወራሹም አንድ ቀን እንግዳቸው ሆኖ እንደሚመጣ ነገሩት። ቃላቸውንም አልረሱም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ፣ የኦክስፎርድ ተማሪ ለነበረው የሃያ ዓመት ወጣት የግል ጥሪ ደረሰው።

ባሕር የማይደርሰው ወንዝ

ከዘውድ በዓሉ በኋላ ቴሲጀር ለአደን ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረደ። በዚያም አንድ ጥያቄ ያዘው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ የሚነሣውና 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ይህ ትልቅ ወንዝ፣ ወደ ባሕር አቅጣጫ እየፈሰሰ ለምን ባሕር አይደርስም? ውሃው የት ይገባል?

ጥያቄው በቀላሉ የሚመለስ አልነበረም። ወንዙ የሚያልቅበት የአውሳ ሱልጣኔት እንግዳን አይቀበልም ነበር። በ1875 የግብፅን ጦር እየመራ የገባው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ከነሠራዊቱ እዚያው ቀርቷል። ቴሲጀር ትምህርቱን እንደጨረሰ፣ በ1933 መጨረሻ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። መንግሥት ለሕይወቱ ሠግቶ ከመንገድ መለሰው። አዲስ አበባ ላይ ደጅ ጠንቶ ፈቃዱን ዳግመኛ ካገኘ በኋላ በ1934 መጀመሪያ እንደገና ወረደ። የጀመረው ጓደኛው በሕመም ምክንያት ስለተለየው፣ ቀሪውን መንገድ የሄደው ከኢትዮጵያውያንና ከሶማሌ አጃቢዎቹ ጋር ነው።

የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ በጨረቃ ብርሃን፣ በጫካ መካከል በተመነጠረ ሜዳ ተቀበሉት። ለምን እንደመጣ ጠየቁት፤ የወንዙን መጨረሻ ማየት እንደሚሻ አስረዳ። ሱልጣኑም አመዛዝነው አሳለፉት። ያለ እርሳቸው ፈቃድና ያለ አፋሮቹ መንገድ መሪነት አንድ እርምጃ መራመድ ባልቻለ ነበር። ከለምለሙ የአውሳ ሜዳ ወርዶ፣ ሐይቅ ከሐይቅ እየተከተለ፣ በመጨረሻ ዛሬ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ የሚገኘውን የአቤ ሐይቅ ዳርቻ ረገጠ። ዙሪያውን ተመልክቶ ውሃው ከዚያ እንደማይወጣ አረጋገጠ። ከዚያም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተነጠፈበት በረሃ አልፎ በግንቦት ወር ታጁራ ደረሰ።

የጥያቄው መልስ በዛሬ የጂኦግራፊ መጻሕፍት በአጭሩ ተጽፎ ይገኛል። የአፋር ዝቅተኛ ቦታ በሙቀቱ ብርታት ከሚገባው ውሃ የማያንስ ውሃ ወደ ሰማይ ይተናል። ስለዚህ ወንዙ ሸሽቶ የሚሄድበት ባሕር አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ውሃ ሲተን ጨው አይተንም። ለዚህም ነው መውጫ የሌላቸው ሐይቆች፣ አቤን ጨምሮ፣ ጨዋማ የሚሆኑት። ለአፋሮቹ ግን ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ከብቶቻቸውን በየትኛው ወር የት እንደሚያጠጡ፣ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ውሃ እንደሚጠጣና የትኛው እንደማይጠጣ ከአባቶቻቸው ተምረዋል። ቴሲጀር ያመጣው አዲስ ነገር ካርታው ነበር።

አንበጣው ከየት ይነሣል?

ከዚህ በኋላ ቴሲጀር በሱዳን አስተዳደር ውስጥ በዳርፉርና በደቡብ ሲሠራ ቆየ። የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ግን እረፍት ነሣው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኢትዮጵያ ሲደርስ፣ ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ በጎጃም ከገባው ጦር ጋር ተሰለፈ። ከአርበኞች ጋር ሆኖ በወሎ አጊባር 2,500 ያህል ወታደሮች የነበሩትን የኢጣሊያ ጦር በማስማረኩ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ። ከድል በኋላም ለአንድ ዓመት ገደማ ደሴ ላይ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ነበር፤ በሕፃንነቱ በለጋሲዮኑ የተጠለለው ያ ልጅ ማለት ነው።

በ1945 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ለቆ ሳለ አንድ የበረሃ አንበጣ ምርምር ኃላፊ አገኘውና ያልጠበቀውን ሥራ አቀረበለት፦ በደቡብ ዐረቢያ በረሃ አንበጣ የሚፈለፈልበትን ቦታ መፈለግ። ቴሲጀር ስለ አንበጣ የነበረው እውቀት ጥቂት ነበር፤ ፍላጎቱም ከዚያ አይበልጥም። ነገር ግን አንበጣው ሩብ አል ኻሊ ለተባለው፣ ባዶው ሩብ ተብሎ ለሚተረጎመው ታላቅ የአሸዋ ባሕር የይለፍ ወረቀት እንደሚሆነው ወዲያው ተረዳ። ይህንንም በኋላ ሳይሸሽግ ጽፎታል።

የሥራው መሠረት የተጣለው ለንደን ውስጥ ምርምሩን በሚመሩት በሩሲያ ተወላጁ ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው። ኡቫሮቭ በ1921 ያቀረቡት ሐሳብ የነፍሳትን ሳይንስ ለውጦ ነበር። ከዚያ በፊት በብቸኝነት የሚኖረው ፌንጣ መሰል ነፍሳትና መንጋ ሠርቶ የሚያወድመው አንበጣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይመስሉ ነበር። ኡቫሮቭ አንድ መሆናቸውን አሳዩ። በደረቅ ዘመን በጥቂቱ ተበታትኖ የሚኖረው ነፍሳት፣ ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲበቅልና ቁጥሩ ሲበዛ፣ እርስ በርሱ ሲነካካ ጠባዩም ቀለሙም ይለወጣል። ብቸኛው ማኅበረተኛ ይሆናል።

አሠራሩን በቅርብ ስናየው እንዲህ ነው። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚቀብረው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። አሸዋው ካልራሰ እንቁላሉ አያድግም። ሁኔታው ከተመቸ በሁለት ሳምንት ገደማ ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ይፈለፈላል። ኩብኩባው ቆዳውን እየጣለ ከአንድ ወር በላይ ካደገ በኋላ ክንፍ ያወጣል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይበላል። ከነፋስ ጋር በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። ክንፍ ካወጣ በኋላ መከላከሉ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የፈለጉት ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚፈለፈልበትን ሥፍራ አስቀድሞ ማወቅ ነበር።

ቴሲጀር የተላከው በኦማን ዶፋር ተራሮች ላይ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ ወደ በረሃው ጫፍ ጎርፍ እየላከ ቋሚ ልምላሜ ይፈጥር እንደሆነ እንዲያጣራ ነው። የተራሮቹ የባሕር ወገን በጭጋግና በካፊያ ሲለመልም፣ የበረሃው ወገን ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ጎርፍ አልፎ አልፎ እንጂ በየዓመቱ አይወርድም። ይህንን ከቤዱዊን እረኞች ጠይቆ ተረዳ። እነርሱ በየትኛው ዓመት በየትኛው ሸለቆ እንደዘነበ፣ ሣሩ ስንት ዓመት እንደቆየ በቃላቸው ይዘዋል፤ ሕይወታቸው በዚያ ላይ ቆሟልና።

ይህ ጥያቄ ያረጀ አይደለም። በግንቦት 2018 መኩኑ የተባለው አውሎ ነፋስ ያንኑ ሩብ አል ኻሊ በዝናብ አራሰው። ማንም ባላየበት በረሃ አንበጣው ትውልድ በትውልድ ላይ እየደረበ ተራባ። ከዚያ የመን ገባ፤ ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የሶማሌን፣ የአፋርን፣ የወሎንና የራያን ማሳ አወደመ። ደርሶ የነበረ ማሽላና ጤፍ በሰዓታት ሲበላ ያዩ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ በአቡ ዳቢና በአል አይን አሉ። የአገራቸውን ሰብል የበላው መንጋ መነሻ፣ ከሚሠሩባት ምድር ደቡብ የሚዘረጋው ያው አሸዋ ነበር።

የግመል ኮቴ ንባብ

ቴሲጀር ሩብ አል ኻሊን ሁለት ጊዜ አቋረጠ፤ በ1946 መጨረሻና በ1948 መጀመሪያ። ከእርሱ በፊት ከአውሮፓውያን በርትራም ቶማስና ሴንት ጆን ፊልቢ ተሻግረውታል። በመጀመሪያው ጉዞ ከሳላላ ተነሥቶ፣ ከአራት ቤዱዊን ጋር ብቻ፣ ወደ ሊዋ አቅጣጫ አቀና። መንገዱን የሚያውቀው መሐመድ አል አውፍ ነበር። ቢን ካቢና የተባለው ወጣት ደግሞ የዕድሜ ልክ ወዳጁ ሆነ። ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ወደ ሚቀጥለው ለመድረስ ዐሥራ አራት ቀን ፈጀባቸው። በመካከሉ ግመል የሚሰምጥባቸው፣ ተራራ የሚያህሉ የአሸዋ ክምሮች ነበሩ። ውሃው በፍየል ቆዳ ስልቻ ተይዞ ይለካል፤ ምግቡ እፍኝ ዱቄት ነው።

አንድ ቀን ጥንቸል ተያዘና ድስት ተጣደ። ለቀናት ሥጋ ያላዩት መንገደኞች ሽታው እያሰከራቸው ሳለ፣ ከአሸዋው ማዶ ሌሎች ሰዎች ብቅ አሉ። ቤዱዊኖቹ ሳያመነቱ ምግቡን ለእንግዶቹ አቀረቡ፤ እነርሱ ጠግበናል አሉ። ቴሲጀር በልቡ መቆጣቱን በኋላ አምኗል። የበረሃውን ሕግ ግን በዚያች ዕለት ተማረ። ውሃና ምግብ በሌለበት ምድር ዛሬ አብልቶ የሚያሳልፍ ሰው ነገ በሕይወት የሚያቆየው ሌላው ብቻ ነው። እንግዳ መቀበል ከደግነት በላይ የመኖሪያ ዋስትና ነው።

አብረውት የተጓዙት ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን አሸዋውን ያነቡ ነበር። የኮቴው ዱካ ላይ የተንጠለጠለ የቆዳ ቁራጭ ምልክት ካለ ግመሉ ከአሸዋ ምድር መጥቷል፤ ውስጥ እግሩ ተልጎ ልስልስ ካለ ከጠጠር ሜዳ መጥቷል። ከፋንድያው ምን እንደበላ፣ ከዚያም የት እንደተሰማራ ያውቃሉ። ዱካው ላይ ዝናብ ወይም ጤዛ ካረፈ መቼ እንዳለፈ ይገምታሉ። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው ያለፉት ሰዎች ስንት እንደነበሩ፣ ከየትኛው ነገድ እንደሆኑ፣ ውሃ መጨረሻ የት እንዳጠጡ ይናገራሉ። መረጃ መሰብሰብ፣ ማነጻጸር፣ መደምደም፤ ሳይንስ የምንለውም ይኸው አይደለምን?

የግመሏም ነገር እንዲሁ ነው። ሻኛዋ ውሃ ያጠራቅማል የሚለው የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚያጠራቅመው ስብ ነው። ግመል ጥምን የምትችለው በሌላ መንገድ ነው። የሰውነቷ ሙቀት ቀን እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቢወጣ፣ ሌሊት ወደ 34 ቢወርድ አትጎዳም፤ ስለዚህ ለመቀዝቀዝ ብላ ላብ አታባክንም። ውሃ ስታገኝም በሩብ ሰዓት ውስጥ 100 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። ቤዱዊኖቹ ይህንን በቁጥር አይነግሩትም ይሆናል፤ ነገር ግን የትኛዋ ግመል ስንት ቀን እንደምትችል ያውቁ ነበር። በዐሥራ አራቱ ቀናት የቴሲጀር ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያ እውቀት ላይ ነው።

ሙወይጂ ላይ፣ ከእሾሃማው ዛፍ ሥር

ሁለተኛውን ጉዞ ጨርሶ በመጋቢት 1948 አቡ ዳቢ ሲደርስ፣ ከተማዋ በባሕር ዳር የተቀመጠች ትንሽ መንደር ነበረች። ገዥው ሼህ ሻክቡት በክብር አስተናገዱት። ከዚያም 160 ኪሎ ሜትር ያህል በግመል ተጉዞ ዛሬ አል አይን ወደምንላት የተምር ሥፍራ አመራ። በሙወይጂ ምሽግ ፊት ለፊት፣ ከአንድ እሾሃማ ዛፍ ሥር፣ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። በመካከላቸው አቤቱታ እየሰሙ የሚዳኙት የአካባቢው አስተዳዳሪ ሼህ ዛይድ ነበሩ።

ቴሲጀር ስማቸውን በረሃው ውስጥ ሳለ ሲነገር ሰምቶ ነበር። ቤዱዊኖቹ የሚያደንቋቸው ግመል ስለሚጋልቡ፣ ተኩስ ስለሚያውቁ፣ ከሁሉም በላይ ከእነርሱ ጋር አሸዋ ላይ ስለሚቀመጡ ነው። እንግዳው አንድ ወር ያህል ተቀመጠ። በኋላም ተመልሶ በጭልፊት አደን አብሯቸው ወጣ፤ ጋዛላ የተባለችውን ዝነኛ ግመላቸውንም አዋሱት።

ያን ጊዜ ሼህ ዛይድን ያስጨነቃቸው የውሃ ጉዳይ ነበር። የአል አይን ሕይወት የተመሠረተው በፈለጅ ነው። ፈለጅ ከሐጀር ተራሮች ግርጌ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ፣ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ረጅም ቦይ ወደ ተምር ማሳ የሚያደርስ ሥራ ነው። ያለ ሞተር፣ ያለ ገመድ፣ በመጠነኛ ተዳፋት ብቻ ይፈስሳል። ከመሬት በታች ስለሚሄድ ፀሐይ አትጠጣውም፤ አዋሽን በአፋር ላይ ያገኘው ዕጣ አያገኘውም። በአል አይን አካባቢ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ፈለጆች ተገኝተዋል፤ የአል አይን ቅርሶችም በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ቃሉ ለእኛም ባዕድ አይደለም፦ የግእዙ ፈለግ፣ ወንዝ ማለት፣ የዐረብኛው ፈለጅ ወንድም ነው። አል አይን የሚለው ስም ራሱ ዓይንም ምንጭም ማለት ነው።

ሼህ ዛይድ የተደፈኑ ፈለጆችን አስጠረጉ፣ አዳዲስ አስቆፈሩ፤ አቅም ያለው ብቻ ይገዛው የነበረው ውሃ ለደኻው ገበሬም እንዲደርስ አደረጉ። በዚያ ዘመን የነዳጅ ገንዘብ አልነበረም። ሥራው የተሠራው በአካባቢው ሰው ጉልበትና ከአባቶች በተወረሰ እውቀት ነው።

ሁለት ምኞቶች

እዚህ ላይ የእንግዳውና የአስተናጋጁ መንገድ ይለያያል። ቴሲጀር በረሃው እንዳለ እንዲቆይ ይመኝ ነበር። መኪናና ነዳጅ የቤዱዊኑን ክብር ያጠፋሉ ብሎ ሠጋ። በ1959 ባሳተመው የዐረቢያ አሸዋዎች በተሰኘው መጽሐፉ ያንን ዓለም በኀዘን ተሰናበተ። ነዳጅ የተገኘው ከመጽሐፉ ኅትመት በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ በ1962 ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ። በ1977 አቡ ዳቢን ዳግመኛ ሲጎበኝ ያየው ከተማ አስደነገጠው።

ሐዘኑ ሐሰት አልነበረም። ዱካ የሚያነብ ሰው ከሞተ በኋላ ያንን እውቀት ከየትም አናመጣውም። ነገር ግን ሐዘኑ የማያያቸው ሰዎች ነበሩ። በአል አይን በ1959 ትምህርት ቤት፣ በ1960 ደግሞ ዛሬ ካናድ በሚባለው የኦዌሲስ ሆስፒታል ሕክምና ተጀመረ። ከዚያ በፊት ብዙ እናቶች የወለዷቸውን ሕፃናት ቀብረዋል። የረሃቡና የጥሙ ሕይወት ለመንገደኛው የመረጠው ፈተና ነበር፤ ሲበቃው ይመለሳል። ቢን ካቢናና ወገኖቹ ግን ምርጫ አልነበራቸውም። በሌላም በኩል ቴሲጀር ተፈጥሮን ይወድ እንጂ በሱዳን ሳለ ብዙ አንበሶችን ገድሏል፤ መውደድና መጠበቅ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ሼህ ዛይድ የመረጡት ሌላ ነበር፤ አሮጌውን እውቀት ለአዲሱ ኑሮ ማዋል። በ1968 የአል አይን የአራዊት ማቆያ ተቋቋመ። የዐረቢያ ኦሪክስ በ1972 ገደማ ከዱር ሲጠፋ፣ በማቆያ የተረፉት ተራብተው ወደ በረሃ ተመለሱ፤ በ2011ም የዝርያው የአደጋ ደረጃ ዝቅ ተደረገ። ሥሩን ወደ ጥልቁ የሚሰድደው የጋፍ ዛፍ ተከብሮ ብሔራዊ ዛፍ ሆነ። መንገዶች በዛፍ ተጋረዱ።

ቴሲጀር በ1990 ለፎቶግራፎቹ ዐውደ ርእይ ወደ አቡ ዳቢ ሲመለስ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነበር። በዚህ ጊዜ ከለውጡ ጋር እንደታረቀ ጽፏል። በዚያ ደረቅ ምድር ላይ ከተማዋን ለዓይን ያማረች ያደረጓት በመንገዶቿ ዳር የተሰለፉት ዛፎችና አረንጓዴው መስክ መሆናቸውንም መሰከረ።

ከዐረቢያ በኋላ በኢራቅ ረግረጋማ ምድር ለዓመታት ኖረ፤ በኢትዮጵያ ደጋ እስከ ላሊበላ በበቅሎ ተጓዘ፤ ረጅም ጊዜም ኬንያ ተቀመጠ። በ1995 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ነሐሴ 2003 በእንግሊዝ አገር በ93 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ወደ 38,000 የሚጠጉ ፎቶግራፎቹ በኦክስፎርድ ለሚገኘው የፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ተላለፉ። ሼህ ዛይድም በተከታዩ ዓመት በኅዳር ወር ዐረፉ።

በአል ጃሂሊ ግድግዳ ላይ ካሉት ፊቶች አብዛኞቹ መጽሐፍ አልጻፉም። የመንገደኛው መጽሐፍ የተጻፈው ግን በእነርሱ መልስ ነው። እኛም ከደጋውና ከቆላው የመጣን፣ እንዲህ ያሉ መልሶች ያሏቸው ሰዎች አሉን። ደመናውን አይቶ ዝናቡን የሚያውቅ አባት፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ የምታውቅ እናት፣ የአንበጣውን ኩብኩባ ከየትኛው ሸለቆ ሲወጣ እንዳየ የሚያስታውስ እረኛ አለ። ሙሰፋ ውስጥ ከሥራ መልስ ለፈተና የሚያጠና ወጣት የመማሪያ መጽሐፉን ካጠፈ በኋላ ስልኩን አንሥቶ አገር ቤት ይደውል፤ አዋሽ በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ፣ አንበጣው በመጣበት ዓመት ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ ይጠይቅ። መልሱን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።